በጉም የተገደፈ ጾም

አሰለፈች ከብርድ ልብስ ፋብሪካ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ቤት መቀመጥ አይሆንላትም። በታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ውርጭ ሲጥልባት፣ ሌላው ሰው ጋቢውን ደራርቦ ፀሐይ ሲሞቅ፣ እሷ ጓደኛዋን አመተ ማርያምን አስነሥታ በአንኮበር መኪና ተሳፍራ ወፍ ዋሻ ጫካ ትወርዳለች። ሁለት ባልቴቶች ዱላ ይዘው በጥድ መሐል ሲዞሩ ያየ የደን ጠባቂ፣ መጀመሪያ እንጨት ሊሰርቁ የመጡ መስለውት ነበር፤ ኋላ ለመደ።

አመተ ማርያም የቄስ ልጅ ናት፤ ግትርነቷ ለጉድ ነው። ስኳር በሽታ ይዟት በየቀኑ መርፌ ትወጋለች። ሐኪሙ ስትወጊ ብዪ ብሏታል፤ የነፍስ አባቷም ፈቅደውላታል። እሷ ግን የነቢያት ጾም ሲገባ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እህል አትቀምስም። "መርፌው በቆዳ ነው የሚገባው፣ በአፌ አልገባ" ትላለች። አሰለፈች ይህን የሰማች ዕለት ደሟ ፈላ፤ ግን አመተ ማርያምን ተከራክሮ ያሸነፈ የለም። የጾም ሰዓቷንም ስልክ አይነግራትም፤ አባቷ እንዳስተማሯት ፀሐይ ላይ ቆማ ጥላዋን በእግሯ ትለካለች።

አንድ ረቡዕ ከቆላው የተነሣ ጉም ጫካውን ዋጠው። እየወረዱ ሳለ አመተ ማርያም ዝም አለች። ዝም የምትል ሴት አይደለችም። አሰለፈች ዞር ብትል ጓደኛዋ በዚያ ብርድ ግንባሯ በላብ ርሷል፤ እጇ ይንቀጠቀጣል።

"አመቴ፣ ምን ሆንሽ?"

"ምንም። ትንሽ ልቀመጥ።" ምላሷ ተሳስሯል።

አሰለፈች በስኳር የተለወሰ በሶ ከቦርሳዋ አወጣች። "እንቺ፣ ብዪ።"

"ዘጠኝ አልሞላም።"

"ትሞቻለሽ እኮ!"

"እንግዲህ እንደ ፈቃዱ" ብላ ፊቷን አዞረች።

አሰለፈች ፈራች። የመኪናው መንገድ ሩቅ ነው፣ ስልኩ ኔትወርክ የለውም፣ ሰው ተሸክማ ዳገት የምትወጣበት ጉልበትም የላትም። ሰዓቱን አየች፤ ገና ስድስት መሙላቱ ነው።

"ዘጠኝ ሞልቷል" አለች ጨክና። "ጉሙ ነው ያሳሳተሽ። ማርያምን ሞልቷል!"

አመተ ማርያም መሬቱን አየች፤ ጥላ የለም። አማተበችና አፏን ከፈተች። አሰለፈች እንደ ሕፃን አጎረሰቻት። ቆይቶ እጇ ረጋ፣ ቀልቧም ተመለሰ። "ይሄ በሶ ስኳሩ በዝቷል" ስትል አሰለፈች በደስታ እንባዋ መጣ።

ብዙም ሳይቆይ ጉሙ ተገፈፈ። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። አመተ ማርያም ጥላዋን መለካት እንኳ አላስፈለጋትም።

"ማርያምን ብለሽ?" አለች።

"ማርያምን ብዬ።"

እስከ ደብረ ብርሃን ከአሰለፈች ርቃ የመኪናው የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ደጃፏ ስትደርስ "ጾሜን አስገደፍሽኝ" ብላ በሩን ዘጋችባት።

አሰለፈች ለሐሰት መሐላዋ ንስሐ ገባች፤ ስለ ማጉረሷ ግን አልተጸጸተችም። ብቻዋን መሄድ አስጠልቷት ጫካውን ተወችው። በጓደኛዋ በር በኩል ግን በየቀኑ ታልፋለች፤ አመተ ማርያም ከዶሮዎቿ ጋር ስትጣላ ከሰማች ልቧ ያርፋል።

ትናንት እኩለ ቀን ላይ ግቢው ጭር አለባት። አንኳኳች።

"ማነው?" የሚል ድምፅ መጣ። ምላሷ ተሳስሯል።

"እኔ ነኝ አመቴ፣ ክፈቺ! እህል ቅመሺ!"

"ዘጠኝ... አልሞላም።"

"ሞልቷል! እውነቴን ነው!"

"አንቺን ከእንግዲህ ማን ያምንሻል?"

አሰለፈች በሩን በትከሻዋ ገፋችው። ከውስጥ ተቀርቅሯል። ጎረቤት እንዲደርስላት መጮህ ጀመረች።