ጋሽ መርሻ የፈገፈጉት ሽጉጥ

አበልጄ ጋሽ መርሻ ሽጉጤን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው አበላሹብኝ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ላሳምረው አልፈልግም። ዘንድሮ ልጃቸው ኮል አድርጋ፣ «አንክል፣ ዳዲ ሆስፒታል ነው፤ አንተን ብቻ ነው የሚጠራው» ባትለኝ ኖሮ አልጽፈውም ነበር።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። እዚህ ስደት አገር፣ ሴንት ጄምስ ታውን የሚባል ሰፈር፣ አንድ ሕንፃ ውስጥ እንኖር ነበር። እሳቸው የድሮ ወታደር፣ የልጄ የክርስትና አባት ናቸው። እኔ ቀን ቢሮ አጸዳለሁ፣ ሲመሽ ከአዋቂዎች ጋር ፊደል እቆጥራለሁ። አገሬ ሳለሁ ያስተማረኝ አልነበረም።

ቅዳሜ ቅዳሜ አሮጌ ሽጉጥ ፍለጋ እዞር ነበር። ዕድሜው በጣም የገፋው እዚህ እንደ ቅርስ ይቆጠራል፤ ፈቃድ አይጠየቅበትም። ርካሹ የሚገኘው ሱቅ አይደለም፤ አዛውንት ሞቶ ልጆቹ ቤቱን ሲያራግፉ ነው። በሰው ሞት መገበያየት ነው፤ እኔም ተገበያየሁ።

በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጭቃ በሆነበት ሰሞን፣ ዌስተን በሚባል ሰፈር አንድ ጋራዥ ውስጥ፣ ከምስማር ቆርቆሮ ሥር አገኘሁት። ስድስት ጎራሽ ነው፤ በሰም ወረቀት ተጠቅልሎ፣ ጥቁር ሰማያዊ ቀለሙ ከፋብሪካ እንደወጣ ነበር። የሟቹ ልጅ የመጥበሻ ዋጋ ጠየቀኝ። ቤት ገብቼ አፈሙዙ ላይ የተቀረጸውን አነበብኩ፤ የሠሪውን ስም፣ የከተማውን ስም። ያለ ማንም እርዳታ ያነበብኩት የመጀመሪያው ጽሑፍ ነው። አለቀስኩ።

ለጋሽ መርሻ አሳየኋቸው።

«ምን አጠቆረው?»

«ቀለሙ ነው ጋሼ፣ እንዳይነኩት።»

«በኛ ጊዜ እንዲህ ጠቁሮ ለፍተሻ የቀረበ ወታደር እስር ቤት ነበር የሚያድረው!»

ለሥራ ከከተማ ስወጣ፣ ልጄ እንዳይነካው ብዬ እሳቸው ዘንድ አስቀመጥኩት። የተመለስኩት ለፋሲካ ነው። ዶሮው ቀርቧል፤ ከሳህኔ አጠገብ፣ ነጭ ፎጣ ላይ፣ ሽጉጤ እንደ መስተዋት ያበራል።

«ጣቴ እስኪደማ ነው የሠራሁት። እስቲ ፊትህን እይበት!» አሉ እየሳቁ።

አየሁ። ፊቴ ነበረበት። ፊደሉ ግን አልነበረም።

«ማን ንኩት አለዎት?»

«ወግ ነው ያስያዝኩልህ አንተ!»

ሽጉጤን አንስቼ ምግቡን ሳልቀምስ ወጣሁ። ሽማግሌ ላኩብኝ፤ መለስኩ። ቄስ መጡ፤ መለስኩ። ልጄ የክርስትና አባቱን ሳያውቅ አደገ። የሚያበግነኝ ክፋት አለመሆኑ ነው፤ ክፋት ቢሆን ጠልቼ እጨርሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሽጉጥ በርካሽ ገዝቻለሁ። መሳቢያ ውስጥ የተደበቀው ያ ብቻ ነው።

ሆስፒታል ስገባ አልጋው ውጧቸዋል።

«አሁንም ጥቁሩ ይሻልሃል?»

«ይሻለኛል ጋሼ።»

«ግትር!» ብለው ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ለመሆኑ ጽሑፉ ምን ይል ነበር?» አሉኝ።

በዚያ ሁሉ ዘመን ሽማግሌውም ቄሱም ይህን አልጠየቁኝም። በቃሌ የያዝኩትን ከሠሪው ስም እስከ ከተማው አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

«ረጅም ነው ለካ» አሉ።

ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ እኔም ይቅር ብያለሁ አላልኩም። እጃቸውን ይዤ ትንሽ ተቀመጥኩ፤ ጣታቸው ሸካራ ነበር። ነገራችን እዚያው አለቀ፤ ዘንድሮ፣ ኅዳር ሃያ አንድ ቀን።