ለብረት ያልተፈጠረ እጅ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሣራ የመኪና ጥገና ሥልጠና ልትመዘገብ ማሰቧን ነገረችኝ። ጋምቤላ ኒውላንድ ሰፈር ባለው ቤታችን ደጃፍ ተቀምጠን ማንጎ እየበላን ነበር፤ ጭማቂው እስከ ክርናችን ወርዷል።

«አባዬ፣ ክፍያው ቀላል አይደለም፤ ዓመት ሙሉም ሥራ መፍታት አለ። ያዋጣል አያዋጣም?»

እኔ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን ጨርሼ፣ በላዩ ቀልድ የምመርቅ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ሌላ ማንጎ አንስቼ መላጥ ጀመርኩ። ይኸው ጥያቄ በደርግ ጊዜ እኛ ቤት ተመዝኖ ነበር። ሚዛኑ ላይ የተቀመጥኩት ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ማትሪክ እንደ ጋምቤላ ፀሐይ አናቴን መትቶኝ ቤት ተቀምጫለሁ። ፀሐይዋን ካነሳሁ አይቀር፣ በዚያ ዓመት ዶሮዎቻችን ተጠብሶ ያለቀለት ጫጩት ነበር የሚፈለፍሉት፤ ይህንን የሚያምነኝ የአገሬው ሰው ብቻ ነው። ከሙቀቱ የከፋው ግን ብሔራዊ ውትድርና ነበር። ቀበሌ ስብሰባ በጠራ ቁጥር ከእኩዮቼ አንዳንዱ ተጭኖ ወደ ሰሜን ይሄዳል። አባቴ ከጎሬ ተዛውሮ የመጣ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ነው፤ እናቴ በረንዳችን ላይ በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ባሮ ድልድይ አጠገብ ጋራዥ የነበራቸው ጋሽ ታምሩ ልጅ ተቀብለው የመኪና ጥገና ያስተምሩ ነበር፤ በነፃ ግን አይደለም። እናቴ ለክፍያው የስፌት መኪናዋን ልትሸጥ ተነሳች።

«ሙያ ያለውን እዚሁ ያስቀሩታል» አለች። «የሰፈራ ጣቢያው ትራክተር በጸሎት አይነሳ!»

«ጦሩስ በእግሩ የሚሄድ መሰለሽ?» አለ አባቴ። «የእሱም መኪና ይሰበራል። ልጁ ላይ ምልክት እያደረግሽበት ነው።»

«ሥራ ፈቱን ነው ቀድመው የሚያፍሱት። አንተ መርፌህን ውጋ!»

እናቴ ረታች። መኪናዋን ሁለት ሰዎች ተሸክመው ወሰዷት፤ በረንዳው ላይ የእግሮቿ ምልክት ብቻ ቀረ። እናቴ ከዚያ ወዲህ በእጇ ትሰፋ ጀመር።

ጋራዡ ውስጥ ኦጁሉ የሚባል የአኝዋክ ልጅ አብሮኝ ይማር ነበር። እናቱ ድንበር ማዶ ናት፤ የሚከፍለው ስለሌለው ጋራዡን እየጠበቀ እዚያው ያድራል። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያስደግፍና ዓይኑን ይጨፍናል። «ዝም በል ደገኛ፣ ሞተሩ እየነገረኝ ነው» ይለኛል። ሦስት ወንዝ ተሻግሮ የሚያስል መኪና በሽታውን ይለይ ነበር ብል፣ ያጋነንኩት አንድ ወንዝ ብቻ ነው። ምሳችን እሱ ከባሮ ያወጣው ዓሣ በበቆሎ ገንፎ ነው፤ እጃችን ታጥቦ ስለማይጠራ ገንፎውም ግራሶ ግራሶ ይላል። እኔም ዓመት ሳይሞላኝ ካምቢዮ ፈትቼ መልሼ እገጥም ጀመር፣ ያውም አንዲት ብሎን ሳትተርፈኝ።

በበጋው፣ የሣር ቃጠሎ አመድ አናታችን ላይ ሲዘንብ፣ አንድ መቶ አለቃ በሚንተፋተፍ የጦር መኪና ጋራዡ ድረስ መጣ። ጦሩ መካኒክ ይፈልጋል ተባለ። አሰለፉን።

«ይህ መኪና ምን ሆነ?»

ኦጁሉ ካቻቢቴውን እንኳ አላነሳም። «ናፍጣው አየር ገብቶበታል ጓድ» አለና አስተነፈሰው። ሞተሩ ወዲያው ድምፁ ጠራ። መቶ አለቃው ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው። ተራዬ ደርሶ አፌን ስከፍት ጋሽ ታምሩ ቀደሙኝ።

«እሱን ይተዉት ጓድ መቶ አለቃ። እጁ ለብረት አልተፈጠረም። ካቻቢቴና ማንኪያ አይለይም።»

ፊቴ ነደደ። ልከራከር ስል ጋሽ ታምሩ በቦት ጫማቸው እግሬን ረገጡኝ፤ ያ እግሬ እስካሁን ከሌላው በአንድ ቁጥር ይበልጣል። መቶ አለቃው አላመነም፤ በዘይት የጠቆረ ጥፍሬን ያያል። ይኼኔ ኦጁሉ ጋሽ ታምሩን አየ፣ እኔን አየ፤ ገባው።

«እውነታቸውን ነው ጓድ» አለ። «ትናንት ራዲያተር ውስጥ ናፍጣ ሊጨምር ሲል ነው እጁን የያዝኩት። የእሱ ሥራ ዕቃ ማጠብ ብቻ ነው።»

ሁሉም ሳቀ። ኦጁሉን ጫኑት። ከመኪናው ላይ ሆኖ «ደገኛ፣ ስመለስ አስተምርሃለሁ!» ብሎ ጮኸ።

አልተመለሰም።

በዚያው ቀን ቤት ገብቼ እናቴ ላይ ጮህኩ። «መኪናሽን በከንቱ ሸጥሽ! በሰው ፊት አዋረዱኝ!»

ሸሚዝ ላይ ቁልፍ እየተከለች ነበር፤ ቀና አላለችም። «አልከሰርኩም» አለች። ለካ ባለፈው ማታ አባቴ ለሚመለመሉት ልጆች ምርመራ እንዲዘጋጅ ታዞ ወሬውን ይዞ መጥቷል፤ እሷም በማለዳ ሄዳ እንዲያስቀሩኝ ጋሽ ታምሩ እግር ላይ ወድቃለች።

«ኦጁሉስ?» አልኳት።

መርፌዋ ቆመ።

«የአንተን ስም ብቻ ነው የጠራሁት።»

ከዚያ በኋላ ደርግ እስኪወድቅ ድረስ ስለ ሞተር አለማወቄን እንደ አደራ ተጠንቅቄ ጠበቅሁ። አንዴ ከጎሬ ስንመለስ ቡሬ ቁልቁለት ላይ አውቶቡሳችን ቀጥ ብሎ ሾፌሩ ግማሽ ቀን ሲንገላታ፣ ሕመሙን ከድምፁ ያወቅሁት እኔ እጆቼን ከታፋዬ ሥር ቀብሬ ተቀምጫለሁ። ጦርነቱ ሲያልቅ ደግሞ እናቴ ከደጋ የመጣ የጭነት መኪና በቆመ ቁጥር እየወጣች የሚወርዱትን ታይ ነበር፤ እስክትሞት ድረስ። ማንን እንደምትጠብቅ አልጠየቅኳትም። አባቴም «ብዬሽ ነበር» ብሏት አያውቅም።

ሣራ መልሴን እየጠበቀች ነበር። ሙያው በኋላ አብልቶኛል፤ እሷንም ያሳደግኋት በእሱ ነው። ያዋጣል ማለት እችል ነበር። ዋጋውን የከፈለው ሌላ ሰው ሲሆን ግን ትርፉ እንዴት እንደሚሰላ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ብቻሽን ነሽ የምትማሪው?» አልኳት።

«ኧረ ከጓደኞቼ ጋር ነን።»

«ስማቸውን ጥሪልኝ።»

ቀልድ መስሏት ሳቀች። «ምን ያደርግልሃል?»

«ጥሪልኝ። የሁሉንም። አንድም እንዳትረሺ።»

ሣራ ጣቶቿን ከማንጎው ጠራርጋ መጥራት ጀመረች። እኔም ከኋላዋ አንድ በአንድ ደገምኩ።