ልዩ ልዩ ወጪ፣ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ብር

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ይኸነው ቢሮ ገባሁና «ተቀመጥ» ሳይሉኝ ቁጭ አልኩ። የክፍያ ወረቀታቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ጣቴን አንዷ መስመር ላይ ተከልኩ።

«ጋሼ፣ ይቺ ምንድን ናት?»

መነጽራቸውን አጥልቀው አዩአት። «ልዩ ልዩ ወጪ ናት።»

«ልዩ ልዩ ምን?»

«ልዩ ልዩ ነዋ» አሉኝ።

ለማታውቁኝ... እኔ ፍኖተ ሰላም ውስጥ በግሌ የጣሪያና የኮርኒስ ሥራ በኮንትራት እየያዝኩ የምሠራ ሰው ነኝ። ሥራ ከተገኘ ራቅ ወዳሉት ከተሞች፣ ፈረስ ቤትም ገበዝ ማርያምም እሄዳለሁ። ቆርቆሮና ብረት የምገዛው ከቡሬ ነው። የግብር ሂሳቤን የሚሠሩልኝ ደግሞ ጋሽ ይኸነው ናቸው፤ ከመንግሥት ሥራ በጡረታ የወጡ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው። አምና ገቢዎች ከሠራሁት በላይ ግብር ቢጥልብኝ፣ ቅሬታ ሰሚው ዘንድ ይዘውኝ ቀርበው ያስቀነሱልኝ እሳቸው ናቸው።

ይኼን ሁሉ አውቃለሁ። ግን የተስማማነው በስድስት ሺህ ብር ነበር። ወረቀቱ የሚለው ስምንት ሺህ ስምንት መቶ ነው።

እኔ ደግሞ ስናደድ አፌ አይያዝም። «እኔ ለደንበኛ ‹ልዩ ልዩ ሚስማር› ብዬ ባስከፍል ሌባ አይሉኝም ነበር?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። የሆነ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ... መልሰው ገጠሙት። እስክሪብቷቸውን አንስተው መስመሯን ሰረዟት።

«በል ስድስቱን ክፈለኝና በሰላም ግባ።»

ከፍዬ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ምሳ ላይ ሁለት የሙያ ጓደኞቼን አገኘሁ። እነሱም ሂሳባቸውን የሚያሠሩት ከእሳቸው ጋር ነው። «ሰውየው በስተርጅና ማጭበርበር ጀምረዋል፣ ወረቀታችሁን በደንብ እዩ» አልኳቸው። ብዙም ሳይቆይ አንደኛው ደውሎ ፋይሉን ከጋሽ ይኸነው እንዳወጣ ነገረኝ። እውነቱን ለመናገር... ደስ አለኝ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ልብስ እያጠበች ነበር። አጠገቧ ቆሜ ጀብዱዬን ስተርክላት እጇ ሳሙናው ላይ ቀረ።

«ምን አልካቸው?»

ደገምኩላት። ለጓደኞቼ ያልኩትንም ጨመርኩበት።

እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ገባችና ከፍራሹ ሥር ሁለት ወረቀት ይዛ ወጣች። ላሚኔት የተደረጉ ናቸው። ፕላስቲኩ ውስጥ ያለው ግን እንደ ከሰል የጠቆረ ነገር ነው፤ አንድ ፊደል አይነበብም።

«ደረሰኞችህ ናቸው» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክረምት ላይ ለሥራ ፈረስ ቤት ስሄድ ቤታችን ያፈስ ነበር። (የጣሪያ ሠሪ ቤት ለምን ያፈሳል ብላችሁ አትጠይቁኝ።) ከቡሬ የገዛሁባቸውን አሥራ አንድ ትልልቅ ደረሰኞች ሰጥቻት «ጠብታ ውሃ ቢነካቸው አንቺን አያድርገኝ» ብያት ወጣሁ። እሷም የልጃችንን ሰርተፊኬት እንዳስደረገችው፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳ፣ አሥራ አንዱንም ሁለት ወረቀት ላይ አስደርድራ ላሚኔት አስደረገቻቸው። የካሽ ሬጅስተር ወረቀት ደግሞ እንደ ላሚኔት ማሽኑ ያለ ሙቀት ሲነካው ይጠቁራል። ነጭ ሆነው ገቡ፣ ጥቁር ሆነው ወጡ።

እነዚያ ደረሰኞች ባይኖሩ የቆርቆሮና የብረት ወጪዬን ማንም አይቀበለኝም ነበር። ግብሩ ያለኝን ሁሉ ጠራርጎ ይወስደው ነበር።

«እያለቀስኩ ጋሽ ይኸነው ዘንድ ሂጀ፣ ‹እንዳይነግሩብኝ› ብየ ለመንኳቸው» አለችኝ። «በዚያ ጉልበታቸው አራት ቀን ቡሬ ተመላልሰው፣ ሱቅ ለሱቅ ዙረው፣ ሻጮቹ ዘንድ የቀረውን ኮፒ ማኅተም አስመትተው አመጡ። ያቺ ብር የሚኒባስና የባጃጅ፣ የምሳም ናት። ድካማቸውንማ አልጻፉትም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቸ ልንገርህ? ስትቆጣ ነው ወይስ ለመቆጣት ስትዘጋጅ?»

አፈርኩ... ከማፈሬም በላይ አዘንኩ።

እዚያው ቆሜ ለጓደኞቼ ደወልኩና ያልኩት ሁሉ ስህተት መሆኑን ነገርኳቸው። አንዱ ሳቀብኝ። ፋይሉን ያወጣው ግን «እስቲ አያለሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋው። ያወጣሁትን ወሬ መልሼ ማስገባት እንደማልችል ያን ጊዜ ገባኝ።

ጋሽ ይኸነውን ቢሯቸውን ሲቆልፉ ደረስኩባቸው። ብሩን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው።

«ነገረችህ?»

«ነገረችኝ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ።»

ሳይቆጥሩ ኪሳቸው ከተቱት።

«ሌባ ስትለኝ ልነግርህ ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር» አሉኝ ቀስ ብለው። «ያች ልጅ እዚህ በር ላይ እየተንቀጠቀጠች የቆመችው ትዝ አለኝና ተውኩት። እኔ ገቢዎችን የፈራች መስሎኝ ‹አይዞሽ፣ እነሱን እኔ አናግራቸዋለሁ› እላታለሁ... ለካ አንተን ነው የፈራች።»

ባጃጅ ሳልይዝ በእግሬ ወደ ቤት ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

ገቢዎች እንኳ ቅሬታ ሰሚ አለው። እኔ ቤት አልነበረም።