በክቶቹ በጎችና የይልማ በርኖስ

እናንተ ጅብ አየን ብላችሁ ስትንቀጠቀጡ ሳቄ ይመጣል። ቁጭ በሉና እኔን የሞተ በግ ምን እንዳደረገኝ ልንገራችሁ። መሳቅ ትችላላችሁ፤ እኛም መጀመሪያ ስቀናል።

ኅዳር መጨረሻ ነው፣ የነቢያት ጾም ተይዟል። እዚህ ከሞላሌ በላይ ውርጭ ወርዶ አሥራ ሁለት በጎቼ ባንድ ሳምንት ተዘረሩ። በጾም ማን ሥጋ ይበላል ብዬ ቢላዬን ሳላነሳ ተውኳቸው። ጸጉራቸው ግን አሳሳኝ። ከባለቤቴ ወንድም ከይልማ ጋር ሆነን ነፍሳቸው ሳይወጣ ሸለትናቸው፤ ሲሞቱም ገደል ጣልናቸው። ይልማ ከጸጉሩ በርኖስ አሠራ።

ከወር በኋላ ተመለሱ። ራቁታቸውን፣ ዓይናቸው ነጭ ሆኖ። ጎረቤታችን እማማ በለጡ ከዚያው ጸጉር የመኝታ ዝተት አሠርተው ኖሮ፣ አንዷ በግ ዝተቱን ከነሳቸው ከመደብ ጎትታ አወረደችው። መንደሩ ሲስቅ ዋለ። በማግስቱ አውራው በግ አንዱን ሰውዬ ከግድግዳ ጋር አጣብቆ ጎድኑን ሲሰብረው ሳቁ ቀረ። «በጎቹ ያንተ ናቸው፤ ሂድና ገላግለን» አሉኝ።

ይልማ አብሮኝ ወጣ። «በግ አደን ብቻህን ብትሄድ ሰው ምን ይላል» እያለ ሲያሾፍብኝ ነበር። ጀንበር ስትወጣ ዱካቸውን አገኘን። ጓሳው ላይ አመዳይ ነጭ ብሏል፤ የረገጡት ቦታ ግን ጭራሽ አልቀለጠም። በጠጥ የለም፣ የተጋጠ ሣርም የለም።

ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመዋል። አውራውን በምንሽሬ ግንባሩን አልኩት። ጥይቱ በማጅራቱ ወጣ፤ እሱ እቴ፣ ያመሰኳል። ደገምኩት፤ ምንም። ከዚያ የይልማን በርኖስ አየ።

ሮጦ ጫፉን በጥርሱ ያዘው። ይልማ ወደ ገደሉ በኩል ይጎትታል፣ በጉ ወደዚህ፤ ማሰሪያው አንገቱን አነቀው። «ፍታልኝ፣ ሞትኩ» አለኝ። ፈታሁለት። በርኖሱ ከበጉ ጋር ቀረ፣ ይልማ ወደኋላ ሄደ።

አልሞተም። ከታች እርከን ላይ ወድቆ «እግሬ ተሰበረ፣ ቶሎ ድረስልኝ» ሲል ሰማሁት። የመውረጃው መንገድ አንድ ነው፤ በጎቹ ቆመውበታል። አውራው ወደ እኔ ሲዞር ሌላ የማደርገው ጠፋኝ። ቀንዱን ይዤ ወደ ምሥራቅ ጣልኩትና ቢላዬን መዝዤ፣ በስመ አብ ብዬ አረድኩት። ደም የለውም። አንዴ ተነፈሰና እንደማንኛውም በግ ጸጥ አለ። ለካ የጎደላቸው ይሄው ነው፤ ባርኬ ሳላርዳቸው በክት አድርጌያቸው ኖሯል።

የቀሩት ተራ በተራ አንገታቸውን ሰጡኝ። እኔም ለእያንዳንዱ እየባረክሁ አረድኩ። እዚህ ጋ ልብ በሉ፤ ከሦስተኛው በኋላ አንዱም አልተተናኮለኝም። ገፋ ባደርጋቸው ያሳልፉኝ ነበር። ግን ፈራሁ፤ አንዱ ከኋላዬ ቢቀርስ እያልኩ ሁሉንም ጨረስኩ። ይልማ ከታች ይጣራል። ኋላ ጉም ገባ፣ ድምፁም እየቀጠነ ሄደ። ስደርስ ያለ በርኖስ፣ በእጀ ጠባብ ብቻ፣ በብርድ ደርቆ ሞቶ ነበር።

የጀመራችሁትን እንስሳ ጨርሱ፤ ይሄን ከእኔ ተማሩ። ሰው ሲጠራችሁ ግን ቢላውን ጥላችሁ ሂዱ።

ባለቤቴ ዛሬም ድረስ «ወንድሜ መጨረሻ ላይ ምን አለ?» ትለኛለች። ምን ልበላት? ለበጎቹ ስጸልይ አልሰማሁትም።