ቄስ ወልደአረጋይ የሸሸጉት ስም

አጎቴ ቄስ ወልደአረጋይ ከአንኮበር በታች ባለው ጠበል ሠላሳ ዓመት አጥምቀዋል። ቤታቸውን የማስተዳድረው እኔ የወንድማቸው ልጅ ወለተሐና ነበርኩ። አገሩ ተአምራቸውን ሲያወራ እኔ ብርድ የበላውን ጉልበታቸውን በቅቤ አሽ ነበር። ልብሳቸው በወጉ ደርቆ ያደረበትን ቀን አላስታውስም።

በሽተኛው ላይ ጠበሉ ሲፈስ የያዘው ነገር ይጮኻል። አጎቴ መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ አድርገው «ማነህ?» ይላሉ። ቡዳ ከሆነ፣ የበላው ሰው በበሽተኛው አፍ «እኔ እገሌ ነኝ» ብሎ ይለፈልፋል። ያን ጊዜ ዘመድ ሮጦ እገሌን ከቤቱ ጎትቶ ያመጣና በሽተኛው ላይ እንትፍ እንዲል ያስገድደዋል። በሽተኛው ይድናል ይባላል። እንትፍ ያለው ሰውዬ ግን ከዱላው ከተረፈ አገር ይለቃል።

በ1952 ዓ.ም. ክረምት አልታየች የምትባል የሰፈራችን ሙሽራ እህል አልቀምስ ብላ በቃሬዛ ወረደች። በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ሲበረታ ወንድሞቿ ከቋጥኙ ሥር ተጠለሉ፤ አጠገቧ የቀሩት አጎቴ ብቻ ነበሩ። ልጅቷ በደከመ ድምፅ «ለተጊዮርጊስ ነኝ» አለች።

ለተጊዮርጊስ ጎረቤታችን ናት፤ ባሏ የሞተባት ሸክላ ሠሪ። ሰዉ ማሰሮዋን ይገዛል፣ ዓይኗን ይፈራል።

አጎቴ አላመኑም እንዳትሉኝ። አምነዋል። ስሙን ቢያወጡ ወንድሞቿ ለተጊዮርጊስን እንደሚገድሏት፣ ባያወጡ ልጅቷ እንደምትሞት ያውቃሉ። የአልታየች ታላቅ ወንድም ገብረ ሕይወት ጭቃውን እያቦካ መጥቶ «ተናገረ አባ?» አላቸው።

«ዝም አለ ልጄ» አሉት። መስቀሉን እንደያዙ ዋሹ።

አልታየች በስምንተኛው ቀን አረፈች። አጎቴ ማጥመቁን አልተዉም፣ «ማነህ?» ማለቱን ግን ተዉት። ሰው ጸጋው ተለያቸው ብሎ አማቸው። እኔም ሳላውቅ አማኋቸው።

ለተጊዮርጊስ አቅማቸው መድከሙን አይታ በየእሑዱ የገብስ ዳቦ ታመጣላቸው ጀመር። ይባርኩላታል፣ ይመርቋታል፤ ስትወጣ ዳቦውን ቆራርሰው ለውሻው ይሰጣሉ። አንድ ቀን ንዴቴ መጣና «ሰው የለፋበትን እህል!» አልኳቸው። ነገሩን ሁሉ የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው።

«ካመኑ ለምን ሸሸጓት? ከሸሸጓትስ ለምን አይበሉላትም?» አልኳቸው።

«ደክሞኛል ወለተሐና» አሉኝ። ልቤ አዘነላቸው፣ ተናደድኩባቸውም።

በዓመቱ ሰኔ ላይ፣ አንድ እሑድ፣ ለተጊዮርጊስ ዳቦውን ሰጥታ ከወጣች በኋላ የረሳችውን ሰፌድ ልትወስድ ተመለሰች። አጎቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ለውሻው እየቆረሱ ነበር። ቁራሹን አየች፣ እጃቸውን አየች።

«እርስዎም፣ አባቴ?» አለች።

አጎቴ ቀና ብለው አላዩዋትም። እኔም ከጓዳ አልወጣሁም። በሳምንቱ ማሰሮዎቿን በአህያ ጭና ወደ አረርቲ ወረደች። ዱላ ያነሳባት አልነበረም። በበራችን ስታልፍ አጎቴ ተነስተው ቆሙ፤ ሊጠሯት አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ ግን አልወጣቸውም። እኔ ድምፅ ነበረኝ፤ አልጠራኋትም።