ነጥብ የተባለው ቆርኪ

ጂኦሜትሪ የሚጀመርበት ሳምንት ሲደርስ የመምህራን ማረፊያ ክፍላችን የካርቶን መጋዘን ይሆናል። ሁሉም ከሰፈሩ ሱቅ የማካሮኒና የሳሙና ካርቶን ለምኖ ይመጣል፤ ይቆርጣል፣ ይለጥፋል፣ በማርከር ይጽፋል። «የትምህርት መርጃ መሣሪያ» ይሉታል። ማንን እንደሚረዳ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ልጆቹን እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ ነኝ፤ ሱፐርቫይዘር ካልመጣ ካርቶኑ ከቁም ሳጥኑ አናት አይወርድማ።

ልደታ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ባልደረቦቼን እንቃቸው ነበር፤ ይህን አልደብቅም። ከሁሉም በላይ የምንቀው የሒሳብ ክፍል ተጠሪያችንን ነው። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ሰው ሲታመም ለመጠየቅ ቀድሞ የሚሄደው እሱ ነው። ግን ነጥብን ለማስተማር ምን ሠራ? አንድ የለስላሳ ቆርኪ ቀይ ቀለም ቀብቶ ካርቶን ላይ ለጠፈና ከሥሩ በዚያ በሚኮራበት የእጅ ጽሑፉ «ነጥብ፦ ርዝመት፣ ስፋትና ውፍረት የሌለው» ብሎ ጻፈ። ከጎኑ ደግሞ ሁለት ጫፉ በምስማር የተመታ ሲባጎ አለ፤ «መስመር በሁለቱም አቅጣጫ ማለቂያ የለውም» ይላል። ምስማሩን አይቶ ያፈረ ሰው አልነበረም። የሳቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፣ እኔም በሆዴ። ለመሪ መምህርነት እድገቴ የእሱ ፊርማ ያስፈልገኝ ነበርና።

በዚያ ዓመት አጋማሽ ላይ ከወሎ የመጣች ልጅ ክፍሌ ገባች። አባቷ ግንበኛ ነው፤ ሥራ ተከትሎ መጥቶ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቷል። በመጀመሪያው ቀን ስትናገር የክፍሉ አራዶች በአነጋገሯ ሳቁባት፤ እኔን «አንቱ» ስትለኝማ ጠረጴዛ እየደበደቡ ሳቁ። ከዚያ ወዲያ አፏን ዘጋች። ስጠራት ትነሣለች፣ ጫማዋን ታያለች፣ ትቀመጣለች። በሦስተኛው ሳምንት እናቷ መጡ።

«ቤት ውስጥ አፏን የሚይዝላት የለም፤ እዚህ ግን ድዳ ሆነች አሉኝ። እንዲህ ሆና ትምህርቱን እንዳትጠላብኝ። ቲቸር፣ አደራዎን።»

«እኔ አናግራታለሁ» አልኳቸው ደረቴን ነፍቼ። ሌላው መምህር ቢሆን አልችልም ነበር የሚለው፤ እኔ ግን ሌላው መምህር አልነበርኩም።

አንድ ቀን የተጠሪው ካርቶን ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ነበር። ልጆቹ ለእረፍት ሲወጡ እሷ ቀረች። መጥታ ቆርኪውን በጥፍሯ ነካ ነካ አደረገችው።

«ቲቸር፣ ይኼ ውፍረት አለው እኮ።»

ድምፅዋን በደንብ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እንዳላስደነግጣት ቀስ ብዬ ተነሣሁና ሰሌዳው ላይ በጠመኔ አንድ ነጥብ አደረግሁ። «ይኼስ?»

ተጠግታ በጎን አየችው። በጣቷ ጠረገችውና የነጣውን ጣቷን አሳየችኝ። «ይኼም አለው። ትንሽ ነው እንጂ አለው።»

«ታዲያ ነጥቡ የቱ ነው?»

ብዙ አሰበች። «አባቴ ግድግዳ ላይ ምልክት ሲያደርግ እርሳሱን ይቀርጻል፣ ደግሞ ይቀርጻል። ምልክቱ ከወፈረ ልኩ ይዛነፋል ይላል። ነጥቡ ምልክቱ አይደለም፤ ቦታው ነው።»

ደስታዬን የምገልጽበት ቃል የለኝም። ቆርኪ የሚቀባ ሁሉ ከነዲግሪው ያልደረሰበትን ይህች ልጅ ከአባቷ እርሳስ አግኝታዋለች። «ይህንን በክፍሉ ፊት ትናገሪያለሽ» አልኳት።

«ይስቁብኛል።»

«እኔ ቆሜ ማን ይስቃል!»

እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

በዚያው ሳምንት ሱፐርቫይዘር ክፍሌን ሊያይ እንደሚመጣ ተነገረኝ። በእኛ ትምህርት ቤት ደንቡ የታወቀ ነው። እንግዳ ከመምጣቱ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ትምህርቱ አንዴ ይለመዳል፤ ጥያቄው ከነመልሱ፣ መላሹ ከነስሙ ይወሰናል። እንግዳው ባለበት ጥያቄ ሲጠየቅ ሁሉም እጅ ያወጣል፦ የሚያውቅ ቀኙን፣ የማያውቅ ግራውን። ይህን የፈለሰፈ ሰው ሒሳብ ሳይሆን ቁማር ነው ማስተማር የነበረበት፤ እንዲህ እያልኩ ስንት ዓመት ፎክሬያለሁ። ያን ዓመት ግን እኔም አለማመድኩ። እድገት ነዋ! «ነጥብ ምንድን ነው?» የሚለውን ለክፍል አለቃው ሰጠሁት። ካርቶኑን ተጠሪው ራሱ አምጥቶ ሰቀለው፣ እኔም አመሰገንኩት።

ቀኑ ደረሰ። ሱፐርቫይዘሩ ቅጹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከኋላ ተቀመጠ፣ ተጠሪው ከጎኑ። ጥያቄውን ጠየቅሁ። እጅ በእጅ ሆነ። ከግራ እጆች መሐል የእሷ ቀኝ እጅ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ክፍሌ ከገባች ጀምሮ እጅ ስታወጣ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

የምትለውን አውቀዋለሁ። «ቆርኪው ውፍረት አለው» ልትል ነው። የተጠሪውን ፊት አየሁ፣ የሱፐርቫይዘሩን እስክሪብቶ አየሁ። ከልጅቷም ጋር ዓይን ለዓይን ተያየን። አለፍኳትና አለቃውን ጠራሁ። እሱም እንደ ዳዊት ደገመው። «አጨብጭቡለት!» አልኩ፤ ተጨበጨበ። ፈርቼ ነው ያለፍኳት፣ ሌላ ስም የለውም።

ሱፐርቫይዘሩ የተማሪዎቹ ተሳትፎ እጅግ ጥሩ መሆኑን ጻፈልኝ። አንድ ምክር ብቻ ነበረው፦ ነጥቡ ከኋላ ለተቀመጡትም እንዲታይ ከቆርኪ ተለቅ ባለ ነገር ቢሠራ። ተጠሪው ማስታወሻው ላይ አሰፈረው። እኔ ሱፐርቫይዘሩን ሁለት እጄን ዘርግቼ ጨበጥኩትና ቅጹ ላይ ፈረምኩ።

ልጆቹ ለምሳ ሲወጡ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ሰዓት አጠረን ልላት ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ቀደመችኝ።

«ቲቸር፣ ላሳፍርዎት አልነበረም እኮ።»

«ምን ልትዪ ነበር?»

እጆቿን ከጎኗ አጣብቃ ቆመች። «ነጥብ ማለት ርዝመት፣ ስፋትና ውፍረት የሌለው ነው።» አንድ ቃል አልሳተችም። «ሁለት ቀን ሙሉ እማዬ ናት ያስጠናችኝ። ቲቸሩ እንዲደሰቱ አለችኝ።»

«የአባትሽ እርሳስስ?»

«እሱ ልክ አይደለም። ካርቶኑ ላይ የለም።»

ተጠሪው ካርቶኑን ከሰሌዳው አውርዶ ብብቱ ሥር ይዞ አጠገባችን ደርሶ ነበር። ቆም ብሎ በፈገግታ አያት።

«ጎበዝ» አልኳት።