ለአራት ሰው የሚሆን ጭፈራ

ሥራ የጀመርኩት ቡሬ ነው፤ ያኔ ጣሊያን ከተማው ውስጥ ሰፍሮ ነበር። አለቃዬ አያ ደምሴ በየሠርጉ እየተጠሩ ያስጨፍሩ የነበሩ የዘፈን አውራጅ ናቸው። ድምፄ ዘፈን ለመቀበል እንኳ አልበቃ ቢላቸው፣ “እንግዲያው አንተ እያየህ የሚጨፈረውን ምረጥ” አሉኝ።

የመጀመሪያው ቀን ዛሬ ፍኖተ ሰላም በሚባለው ከተማ አጠገብ ሠርግ ነበር። አራት ጨፋሪዎች ሰጡኝ፤ አራቱም የተመሰከረላቸው። አለቃዬን ላስደስት ብዬ ትልቁን የክብ ጭፈራ መረጥኩ። አራቱ ተራርቀው ሲዞሩ መሐሉ ባዶ ቀረ።

“መራጩ፣ ይሄ ክብ ነው ወይስ ወላቃ አፍ?” አለች ከአራቱ አንዷ ውድነሽ። ምላሷ ከትከሻዋ ይፈጥናል። ሠርገኛው በሳቅ ፈረሰ።

አያ ደምሴ ግን አልተቆጡም። “ሃያ ሲሆኑ አንዱ ላንዱ መሸፈኛ ነው። አራት ሲሆኑ ሁሉም ይታያል። አታዙራቸው፣ ፊት ለፊት አቁማቸው” አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ጨፋሪዎቹን ማጥናት ያዝኩ። ይርጋ አንገቱ ነው፤ ውድነሽ ትከሻዋ። ሁለቱን ሳፋጥጣቸው ዳሱ ይነቃነቅ ነበር!

በጥር አያ ደምሴ ራሳቸው ልጃቸውን ዳሩ፤ ቤታቸው ጅጋ አጠገብ ነው። ጠዋት ከጣሊያን ጦር ሰፈር ባንዶች መጡና፣ “ከበሮ አርበኛ መጥሪያ ነው” ብለው ከበሮውን ወሰዱት።

አያ ደምሴ መደቡ ላይ ቁጭ አሉ። “ልጄን እንደ ሬሳ ዝም ብዬ ልሸኛት ነው?”

“እንፎክራ!” አለ ይርጋ።

“ፉከራማ ጥይት ይጠራል። አንተን ቢስት ሙሽራዋን ያገኛታል” አለችው ውድነሽ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ጨፋሪዎቹ ትከሻቸውን ሲያፍታቱ “እስስ፣ እስስ” እያሉ የሚተነፍሱት ትዝ አለኝ።

“አያ፣ በትንፋሽ ይጨፍሩ” አልኩ።

“ያለ ከበሮ?”

“አራት ናቸው፤ ይደማመጣሉ። ለሃያ ሰው ቢሆን አልደፍርም ነበር።”

ሁለት ለሁለት አፋጠጥኳቸው። ትንፋሹ ቀስ ብሎ ተነሣ። ትከሻ ተቀበለው፤ እግር ተከተለ፤ ከዚያ ዳሱ በሙሉ ማጨብጨብ ጀመረ። ያን የመሰለ ጭፈራ ከበሮ ኖሮም አይቼ አላውቅም!

አንድ ባንዳ ጠመንጃውን አንግቶ እየሮጠ ገባ። “ከበሮው የት አለ?”

“እናንተ ጋ ነዋ!” አለች ውድነሽ፣ ትከሻዋን ሳታቆም።

ዳሱ በእልልታ ተናጋ። ሰውዬው የሚወስደው ዕቃ አጣ። ጥቂት ቆሞ አየና ሄደ።

ሙሽራዋ በቅሎ ላይ ስትወጣ አራቱ እየጨፈሩ እስከ መንገዱ ሸኟት። አያ ደምሴ ከፊት ሆነው ያወርዱ ነበር፤ ድምፃቸው እስኪዘጋ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት መርጫለሁ። ለጥቂት ጎበዝ ጨፋሪዎች የሚመረጠው፣ እርስ በርስ እየተደማመጡ ሊይዙት የሚችሉት ጭፈራ ነው።